አዲስ ባትሪ ገዝቼም ያልተነሳችው መኪና

ባለፈው ክረምት ወደ አጋሮ ለመሄድ በማለዳ ተነስቼ የኮሮላዬን ቁልፍ ሳዞር፣ ሞተሩ ከባድ ሸክም እንደሚጎትት እየተንገዳገደ አንድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር የሚሰማኝ ከሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ ከሚያስነሳው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር) የሚመጣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። የጠራሁት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ለአፍታ ካየ በኋላ «ባትሪው ሞቷል» አለኝ፤ እኔም ሳላስለካ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ መኪናዋ ተነሳች፣ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ሌሊቱን ጅማ እንደ ልማዷ ስትዘንብ አደረች፤ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ያው «ጠቅ» ሆነ።

ድምፁን የሰሙት ጎረቤቴ፣ ለረጅም ዘመን ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጡና «ልጄ፣ እስቲ የፊት መብራቱን አብርተህ አስነሳ» አሉኝ። መብራቱ ብዙም ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ቀረ። «ባትሪው ቢደክም ኖሮ መብራቱም አብሮት ይሞት ነበር» አሉ። ይህን ፈተና አንድ ቀን ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ የባትሪውን ገንዘብ ባላወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት መብራት የሚወስደው ጥቂት አምፔር ስለሆነ በተበላሸ ማያያዣ በኩልም ቢሆን ሊበራ ይችላል፤ ሞተሪኖ ግን ሞተሩን ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ 0.02 ኦም ብቻ የሚሆን ተቃውሞ ቢኖር፣ 150 አምፔር ሲያልፍበት 3 ቮልት እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ባትሪው 12.6 ቮልት ሞልቶ ቢያድርም ለሞተሪኖው የሚደርሰው ግን የተረፈው ብቻ ነው። ባትሪውን ብቻውን የሚለካ ሰው ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያየውም፤ መለካት ያለበት ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ ነው፣ ያውም ቁልፉ ሲዞር።

ከወንድሜ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተውሼ ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ ባልተቀባው የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ፣ ጎረቤቴ ቁልፉን እንዲያዞሩልኝ ለመንኳቸው። ጤነኛ በሆነ መኪና ንባቡ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም፤ የእኔ ከ4 ቮልት በላይ አሳየ። ለማረጋገጥም ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኘውን ወፍራም ገመድ ከነጌቲቩ ወደ ሞተሩ ብረት ስናያይዝ መኪናዋ በአንድ ዙር ተነሳች። ነጌቲቩ ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ቡሎን ስንፈታ ሥሩ በዝገት ተበልቶ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ አጥብቀን አስረን፣ እርጥበት እንዳይገባበት ግራሶ ቀባነው፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ይህ ሁሉ ሞተሪኖው አላዞርም ሲል ነው። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ባትሪንና ገመድን ትቶ ወደ ነዳጅና ነዳጁን ወደሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ፣ ወደ ካንዴላ፣ መሄድ ይገባል፤ በእኛ ከተማ ከእርጥበቱ የተነሳ የካንዴላ ገመዶችን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ማርሹን ወደ ኤን (N፣ ባዶ ማርሽ) ወስዶ ይሞክር፤ ማርሹ በትክክል ቦታው ላይ ካልተቀመጠ ሞተሪኖው ድምፅ እንኳ ላያሰማ ይችላል።

«ሞተ» የተባለውን አሮጌ ባትሪ ሳስለካው 12.5 ቮልት ሆኖ ተገኘ። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር የሳሎናችንን አምፖል የሚያበራልን እሱ ነው።