ድንኳን ውስጥ የገባው ስልክ

ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር፣ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ሲያርፉ የመጨረሻ ልጃቸው ጆሃንስበርግ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ከወጣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ለልቅሶው በኢሞ መጣ። የእህቱ ልጅ ስልኩን ይዛ ከሽማግሌዎቹ ጀምራ አዞረችው፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት እናት ስልኩን ተቀብለው ፊታቸው ድረስ አስጠጉና «እህል ቀመስክ ወይ ልጄ?» አሉት። ያኔ እስከዚያ ይዞት የነበረው እንባ ፈሰሰ፤ ድንኳኑም አብሮት አለቀሰ።

«ይሄ ልቅሶ አይደለም» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ልቅሶ የምንደርሰው ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት ብቻውን አልነበረም። ፌስቡክ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የኩባንያውን ስም ሜታ ብሎ ሲለውጥ፣ ሰው መነጽር አጥልቆ የሚገባበትን ዓለም ነበር ያለመው። እኛ ሰፈር ግን ያ ዓለም የመጣው ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ነው፤ የእድር መዋጮም ከቴሌብር ወዲህ ከየትም ይላካል።

እርግጥ እድራችን በስልክ የደረሰን አባል «መጥቷል» ብሎ አይመዘግብም፤ ልክ ነው። ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚሸከም፣ አስከሬን የሚያጅብ ሰው ያስፈልጋል።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላው ስልክ ነው። በማግስቱ አንድ ወጣት ትልቋ ልጅ ደረቷን ስትመታ ቀርጾ፣ የሐዘን ዜማ ጨምሮበት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፈው። ሲመሽ እናቷን የማያውቁ ሰዎች አለቃቀሷን ይተቹ ነበር። «ታስመስላለች» ያለም አለ። ወንድሟም ያንን ያየው በጭፈራ ቪዲዮዎች መሀል፣ ሥራ ቦታው ቆሞ ነው። ማታ ደውሎ «ለማን ነው ያለቀሳችሁት?» ሲላት መልስ አጣች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

ሁለቱም ስልኮች አንድ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። በመጀመሪያው የሚያየውም የሚታየውም ይተዋወቃሉ፣ ይመላለሳሉ። በሁለተኛው ግን ያቺ ሴት ማን እያያት እንደሆነ እንኳ አታውቅም። የድንኳኑ ሸራ ከንፋስና ከፀሐይ ብቻ አልነበረም የሚከልለን፤ ሐዘንተኛ እንዳሻው የሚሆንበትን ቦታም ያጥር ነበር። አሁን አጥሩ ተከፍቷል፤ በር ላይ የሚቆም ሰው ግን አላቆምንም።

ሕግማ ቀድሞም ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ዳሩ ግን ሣልስት ሳይወጣ ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን ነው? በዚያ ሰዓት አጠገባችን ያለው እድሩ ነው። እድር ደግሞ ልቅሶ የቀረን አባል ሲቀጣ የኖረ፣ የመቅጣት ሥልጣን ያለው ማኅበር ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ በድንኳን ውስጥ ስልክ የሚይዘው ቤተሰቡ የመረጠው ሰው ብቻ ይሁን፤ ለሩቅ ዘመድ ይደወል፣ መቅረጽ ግን በቤተሰቡ ፈቃድ ይሁን፤ ሳይፈቀድለት የለጠፈ አባል የለጠፈውን ያጥፋ፣ ልቅሶ እንደቀረ ሰው ይቀጣ፤ አባል ካልሆነ ወላጁ ይጠየቅ። ጸሐፊያችን ጋር ተነጋግረናል፤ ረቂቁን በእጄ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የሌላ ሰፈር እድር ተመሳሳይ ደንብ ካለው ላኩልኝ፤ ከስብሰባው በፊት አያይዤ አቀርበዋለሁ።