መኪና ያላቋረጠው ጉዞ

ዛሬ አክስቴን ልጠይቅ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ግሪንቤልት ሄጄ ነበር። ከተማዋን የአሜሪካ መንግሥት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን አቅዶ የሠራት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች የገቡት በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ መኪና መንገዱ ሳይሆን ወደ ሣሩና ወደ ዛፉ ነው።

አክስቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በእግረኛ መንገዱ መራችኝ። አውራ መንገዱን የተሻገርነው ከሥሩ በተሠራው መተላለፊያ ነው፤ ነዋሪዎቹ በጋራ እስከመሠረቱት የኅብረት ሱቅ ድረስ አንድም መኪና መንገዳችንን አላቋረጠም። በየደጁ ሰላምታ ነበር። አንዲት አሮጊት አክስቴን ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቀቻትና ቆመው አወጉ። ልክ እንደ ሰፈራችን! ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ይህችን ከተማ ሲገነቡ ጥቁር ሠራተኞችም ላባቸውን አፍስሰዋል፤ በመጀመሪያ ግን ጥቁር ቤተሰብ እንዲኖርባት አልተፈቀደም ነበር። ዛሬ አክስቴ እዚያው ደጅ ላይ ጤና አዳም ተክላለች። ስመለስ አንድ ቅርንጫፍ ቀጥፋ ሰጠችኝ፤ መኪናዬ እስካሁን ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል።