የክሬዲት ካርድ ዕዳዬን ጎንደር ሆኜ እንዴት አወረድኩት

እናቴ ታማብኝ ለሁለት ሳምንት ብዬ ጎንደር ገባሁ፤ ይኸው አምስተኛ ወሬን ያዝኩ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የምጠቀምባቸው ሁለት ክሬዲት ካርዶች አሉኝ፤ የአንዱ ሊሚት (እስከ ስንት መበደር እንደምችል የተቀመጠው ጣሪያ) 3,000 ዶላር፣ የሌላው 2,000። ትኬቱንም፣ ይዤ የመጣሁትን መድኃኒትም በነሱ ስለገዛሁ ዕዳዬ 4,550 ደረሰ። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው። አንድ ማታ እናቴ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ በወር ከምከፍለው 140 ዶላር 91ዱን ወለድ ይበላዋል። ስኮሬ፣ ማለትም አበዳሪዎች ምን ያህል እንደምታመን የሚያዩበት ነጥብ፣ ደግሞ 612 ላይ ቆሟል።

አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም፤ ታዲያ ለምን ወረደ? መልሱ ቀላል ነው። ይህን ነጥብ በሚያወጣው በፋይኮ ስሌት በወቅቱ መክፈል የስኮሩን 35 በመቶ ሲይዝ፣ ያለብን ዕዳ መጠን 30 በመቶ ይይዛል። በዚህ ውስጥ ዋናው ነገር ከተፈቀደልህ ሊሚት ስንቱን ተጠቅመሃል የሚለው ነው። እኔ ከ5,000 ዶላር 91 በመቶውን ጨርሻለሁ።

ዕዳውን መቀነስ ሳልጀምር ግን የባሰ ነገር ሊመጣብኝ ነበር። ክፍያዬ በራሱ ጊዜ እንዲቆረጥ አላደረግኩም፤ በየወሩ ራሴ ገብቼ ነበር የምከፍለው። ኢንተርኔት ጠፋ። ሲመለስ ደግሞ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚልከው ወደ አሜሪካ ስልኬ ሆነ፤ ሲሙ ያለው ቨርጂኒያ ጓደኛዬ ጋ ነው። የመክፈያው ቀን ካለፈ 25 ቀን ሆኖታል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ፒያሳ አንድ ሆቴል ዋይፋይ ፍለጋ ገባሁ። ቨርጂኒያ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጓደኛዬ ሥራ ላይ ሆኖ አነሳልኝ፣ ስድስቱን አኃዝ አንድ በአንድ አነበበልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የመጨረሻውን ቁጥር ስነካ ክፍያው ገባ። የቅጣት ገንዘብ ተጨመረብኝ እንጂ ስኮሬ አልተነካም፤ ባንኮች መዘግየትን ሪፖርት የሚያደርጉት 30 ቀን ሲሞላው ነውና። ቢሞላው ኖሮ ያ ምልክት 7 ዓመት ይከተለኝ ነበር። ወደ አገር ቤት የምትመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ቢያንስ ዝቅተኛው ክፍያ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጋችሁ ተነሱ።

በሦስተኛው ወር መኪናዬን ጓደኛዬ ሸጠልኝ፤ 3,200 ዶላር እጄ ገባ። ወሩ በገባ በ16 ሁለተኛውን ካርድ 1,700 ከፍዬ ዜሮ አደረግኩት፤ በቀረው 1,500 የመጀመሪያውን ወደ 1,350 አወረድኩት። ከዚያ በየማለዳው ስኮሬን አያለሁ። ፈቀቅ አይልም። ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ነገሩ የገባኝ አክስቴ ሱቅ ነው። ማራኪ ሰፈር ሱቅ አላት፤ ወር በገባ በ30 የዱቤ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትደምራለች። አንድ ደንበኛ በማግስቱ መጥቶ ሁሉንም ከፈላት፤ የወሩ ድምር ላይ ግን ስሙ እንዳለ ነው። «የሚመጣው ወር ላይ ነው የሚነሳልህ» አለችው። የኔም ባንክ እንዲሁ ነው። የሰዉን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ድርጅቶች፣ ለኤክስፒሪያን፣ ለኢኩዋፋክስና ለትራንስዩኒየን የሚያሳውቀው በወር አንዴ፣ ስቴትመንቱ (የወሩ ሒሳብ መግለጫ) ሲዘጋ ያለውን ዕዳ ነው። የሁለቱም ካርድ ስቴትመንት የሚዘጋው በ14 ነው። እኔ የከፈልኩት በ16። ለሁለት ቀን ብዬ አንድ ወር ጠበቅኩ። ቀጣዩ 14 ካለፈ በኋላ ስኮሬ 671 ገባ፤ የተጠቀምኩት 27 በመቶ ሆኗላ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስታዋ ሌላ ነበር። «በል እንግዲህ ያንን ካርድ ዝጋው ልጄ፣ ዕዳ ደጃችን አይድረስ» አለችኝ። ልቤም ስለፈቀደ ደውዬ ዘጋሁት። በዚህ የማንም ምክር አይወቀስም፤ ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ካርዱ ሲዘጋ 2,000 ዶላር ሊሚቴም አብሮ ሄደ። ዕዳዬ በአንድ ዶላር ሳይጨምር 1,350 ከ3,000 ሆነ፤ ከ27 በመቶ ወደ 45። ስኮሬ 648 ወረደ። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካርድ ከሆነና ሲያዩት የሚያስገዛችሁ ካልሆነ፣ ዜሮ አድርጋችሁ ተዉት። ካርድ ሲያይ እጁን መሰብሰብ ለማይችል ሰው ግን መዝጋቱ ይሻለዋል እላለሁ፤ ስኮር ይመለሳል፣ 24 በመቶ ወለድ የበላው ብር አይመለስም።

እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። የዕዳው መጠን ሲወርድ ስኮሩ ለመመለስ ብዙ አይቆይም፤ አብዛኛው ስሌት የሚያየው የዛሬውን ዕዳ እንጂ ያምናውን አይደለም። ካርዱን 400 ላይ ሳደርሰው 702 ገባ። 30 በመቶ ካልደረስክ ችግር የለውም ሲባል እሰማለሁ፤ ከዚያም በታች በወረድኩ ቁጥር ሲጨምር አይቻለሁ።

አሁን የምከፍለው በየወሩ በ11 ነው፤ ስቴትመንቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው። ዝቅተኛው ክፍያ ደግሞ በራሱ ይቆረጣል። እናቴ ድና ቡና ማፍላት ጀምራለች፤ ሲኒውን ስታቀብለኝ «ስንት ቀረህ?» ትለኛለች። አራት መቶ፣ እምዬ። በሚመጣው 11 አትኖርም።