የሳሮን ጽጌረዳ በደቻቱ ዳር

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨርሼ ቀና ስል ዓይኔ በራችን ሥር ላይ አረፈ። ነፋስ ሲነሣ አቧራ እንዳይገባ እናቴ የምትወትፈው አሮጌ ነጠላ እንደ ወትሮው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በመጽሐፉም ውስጥ የአሜሪካዋ የኦክላሆማ ሰዎች በበርና በመስኮት ስንጥቅ ጨርቅ ይወትፋሉ፤ አቧራው ግን ከመድቀቁ የተነሣ ለዓይን ሳይታይ ገብቶ በወንበሩ፣ በጠረጴዛውና በሳህኑ ላይ ይሰፍራል። ለድሬዳዋ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሴቶቹ ከቤት ወጥተው ከባሎቻቸው አጠገብ ይቆማሉ፤ የተበላሸውን በቆሎ ሳይሆን የባሎቻቸውን ፊት በስርቆት ያያሉ፤ በዚህኛው ተስፋ ይቆርጡ ይሆን ብለው። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ልቦለዱ የጆን ስታይንቤክ «የቁጣ ወይን» ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 የታተመ፣ 30 ምዕራፎች ያሉት ወፍራም መጽሐፍ ነው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና አንብባችሁ የመጀመሪያ ስሜታችሁን ጻፉ ተብለን ነው የያዝኩት። ደራሲው የተወለደው በ1902 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰውና ከተማችን የተቆረቆረችውም በዚያው ዓመት ነው። እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር ቢሆንም ደስ አለኝ። ለከተማዬ እኩያዋ እንደሆነ ሰው አድርጌ አነበብኩት።

ታሪኩ ጆድ የሚባል የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ድርቁና ዕዳው ተደራርበው ከመሬታቸው ይነቀላሉ፤ ትራክተር የቤታቸውን ጥግ ደርምሶ ያልፋል፤ ከነአያቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በአንድ አሮጌ መኪና ተጭነው በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ካሊፎርኒያ ይሰደዳሉ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ነገሩን ገልጦ ይነግራቸዋል፦ 800 ሠራተኛ የሚፈልግ አሠሪ 5,000 ወረቀት አሳትሞ ይበትናል፤ የተራበው ሕዝብ ሲጎርፍለት ደመወዙን ይቀንሳል። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱትን ልጆች ስሸኝ ላደግሁት ለእኔ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አልሆነብኝም።

በንባቡ በኩል መጀመሪያ ያስቸገረኝ አነጋገራቸው ነው። ደራሲው የገበሬዎቹን ንግግር ከአፋቸው እንደወጣ ስለጻፈው መዝገበ ቃላት አይረዳም፤ የእኛን «አቦ» በመዝገበ ቃላት እንደመፈለግ ነው። መፍትሔ የሆነኝ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጬ ሳነብ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። በየመካከሉ ደግሞ ከቤተሰቡ ታሪክ ወጣ ብለው ስለ መሬቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መኪና ነጋዴው የሚናገሩ ምዕራፎች አሉ፤ አንዱ ምዕራፍ እንዲያውም መንገድ የምታቋርጥ ዔሊን ይከተላል። ጓደኞቼ እየዘለሉ አልፈዋቸዋል። እኔ ሁሉንም አነበብኩ፤ የዔሊዋንም ሁለት ጊዜ።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ምዕራፍ 10 ነው። ቤተሰቡ ሊነሣ ነው። እናትየው ብቻዋን ሆና አንዲት ሣጥን ታወጣለች፤ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭና ፎቶግራፍ አለባት። ጉትቻውን፣ ቀለበቱንና የሰዓት ሰንሰለቱን ለይታ ታስቀራለች። ደብዳቤዎቹን በጣቶቿ በተን ታደርጋቸውና መልሳ ታስተካክላቸዋለች፤ ከዚያ ሣጥኗን ዘግታ ምድጃው ፍም ላይ ታኖራታለች። ሊቃጠል ያለ ወረቀት ታስተካክላለች! ሦስት ጊዜ መላልሼ አነበብኩት።

እኛ ቤት ከ1998 ዓ.ም. በፊት የተነሣ አንድም ፎቶግራፍ የለም። በዚያ ዓመት ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ፣ ላይ በተራራው የዘነበውን ዝናብ ይዞ በከተማው ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እኔ የዘጠኝ ወር ልጅ ነበርኩ። እናቴ እኔን አዝላ ከመውጣት በቀር ምንም ለመለየት ጊዜ አላገኘችም።

ስለዚህ የልቦለዱ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጀምርና ወንዙ ሲሞላ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ግድብ ይሠራሉ፤ ግድቡ ይሰበራል። ትልቋ ልጅ በዚያው ሌሊት ምጥ ይይዛትና ሕይወት የሌለው ሕፃን ትወልዳለች። ስሟ የሳሮን ጽጌረዳ ነው፤ ከመኃልየ መኃልይ የተወሰደ። ከጎርፉ ሸሽተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ጎተራ ሲገቡ አንድ ልጅና አባቱን ያገኛሉ። አባትየው ያገኘውን ለልጁ እየሰጠ ስድስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ሊሞት ነው። የሳሮን ጽጌረዳ ሌሎቹን አስወጥታ የማታውቀውን ሰው ጡቷን ታጠባዋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሳታሚው ይህን መጨረሻ እንዲለውጥ ደራሲውን ጠይቆት ነበር፤ አልለውጥም አለ። በክፍላችንም ብዙዎቹ አልወደዱትም። ነውር ነው ያሉ አሉ፤ ድንገት የተለጠፈ ነው ያሉም አሉ። እኔ አልተናገርኩም፤ የምናገረው የራሴን ታሪክ ስለነበረ አፌ ተያያዘ። ከጎርፉ በኋላ በተጠለልንበት ክፍል እናቴ በትኩሳት ወድቃ ወተቷ ደርቆ ነበር። በሕይወት ያቆየችኝ ጎርፉ ሕፃኗን የወሰደባት ጎረቤታችን ናት። እሷ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ከዚያ በኋላ የወለደቻቸው ልጆች የጡት ወንድሞቼ ናቸው፤ በእነሱ ሃይማኖት በጋብቻ በኩል እንደ ሥጋ ወንድም ይቆጠራሉ። በዒድ ቀን የእኔ ድርሻ ሳይቀመጥልኝ ቀርቶ አያውቅም። ይህን ውለታ ስሰማ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የሳሮን ጽጌረዳን ሳነብ የገባኝ እንዲህ ነበር፦ ሁሉን ያጣች ሴት የቀራትን የመጨረሻ ነገር ሰጠች። ለመምህራችን የማቀርበውንም ጽሑፍ በዚያው መንገድ ጀመርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ግቢ ውስጥ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ታሪኩን ነገርኳት። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። የሣጥኗን ነገር ስነግራት ዝም አለች። ግድቡ ሲሰበር «ወይኔ» አለች። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ልጇ የሞተባት መቼ ነው?»

«በዚያው ሰሞን።»

«እንግዲያውስ ጡቷ ወጥሮባት ነበር» አለች። «ወተቱ የሚጠባው ልጅ መሞቱን አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይመጣል። የጡት እናትሽ እኮ አንቺን የወሰደችው እኔ ለምኛት አይደለም። የልጇ አስከሬን እንኳን ያልተገኘላትን ሴት፣ ‹ልጄን አጥቢልኝ› እላታለሁ? እሷ ናት የመጣችው። በሦስተኛው ቀን ነው። ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ቀሚሷ በወተት ርሶ፣ ከነትኩሳቷ መጥታ ‹ስጪኝ› አለችኝ። አንቺ መጥባት ስትጀምሪ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው፤ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን አልሰማሁም። ሁልጊዜ የሚነገረኝ የእኔ መትረፍ ብቻ ነበር።

ጽሑፌን እንደገና መጀመር እንዳለብኝ እያሰብኩ የቀረውን ነገርኳት። መጽሐፉ ሲያልቅ የሳሮን ጽጌረዳ ፈገግ ትላለች፣ ደራሲው ምሥጢራዊ ፈገግታ ነው ብሎ እዚያው ላይ ያቆማል አልኳት።

«ምኑ ነው ምሥጢሩ?» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።