ጋሼ ዳኛው

ጋሼ ጡረታ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ገባ። ብርዱን ይቻለው እንግዲህ! አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ በፌዴራል ዳኝነቱ ዘመን ግን የምናየው ለለቅሶና ለፋሲካ ብቻ ነበር። የመንዝ ዘመዶቻችን ተቀይመውታል። "ተማረና ወገኑን ረሳ" ያላለ የለም።

ሰሞኑን ቡና ላይ ስናወራ ነው ነገሩ የገባኝ። የኛ አገር ሰው በርስትና በሚስት ቀልድ አያውቅም። አንድ ክንድ ድንበር ተገፋብኝ ብሎ ዓመት ሙሉ ይሟገታል። ታዲያ ከዘር ማንዘሩ አንዱ ፌዴራል ዳኛ ሆነ ሲባል፣ ለወረዳው ዳኛ ደውሎ የሚያዝ ይመስለዋል። የገበሬ ድንበር ክርክር የክልል ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው ብትለው ማን ይሰማሃል? ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የኛው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራሱ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት፣ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣንም ደርቦ መያዙ ነው።

አንድ ዘመዳችን ሙክት በግ በአውቶቡስ ጭኖ አዲስ አበባ በሩ ላይ ደረሰ አሉ። እግሩ በገመድ ታስሯል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ጋሼ ሰውየውን ምሳ አብልቶ አሳደረው። በጉን ግን ግቢ አላስገባም፤ ጎረቤት አደረ። በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸውና የሁለቱንም መሳፈሪያ ከፈለ፣ የሰውየውንም የበጉንም። ይህ ወሬ መንዝ፣ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ተዳርሷል። ከዚያ ወዲህ ነው "ክፉ" የተባለው።

አሿሿሙን እንኳ ቶሎ ነው የነገረኝ። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ፓርላማው ይሾማል። አንዴ ከተሾመ ደግሞ ጉባኤው ካልወሰነና ፓርላማው ካላጸደቀው ከፈቃዱ ውጭ አይነሳም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። ወረቀት ላይ ያምራል። "ከላይ ስልክ ይደወላል ወይ?" ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ፤ ስኒውን አስቀመጠና ወሬውን ወደ መዝገብ ብዛት አዞረው። እኔም አልጨቀጨቅኩትም።

ስለ መዝገቡ ግን አፉን ሞልቶ ነው የሚያወራው። ያኔ ዳኛ ሳለ፣ ቀን ችሎት ይውላል፣ ማታ ፍርድ ይጽፋል። ለብይን የተቀጠረው፣ ምስክር ያልቀረበበት፣ ጠበቃው ታምሜያለሁ ያለበት፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስት ሆነው በሚያስችሉበት ችሎት በድምፅ ከተበለጠ፣ የልዩነት ሐሳቡን ከፍርዱ ሥር ይጽፋል። "ለማን ነው የምትጽፈው፣ ተሸንፈህ?" አልኩት። "ይግባኝ ሰሚው ያነበዋል" አለኝ። "ባያነበውም ተከሳሹ ያነበዋል።" ይህቺን መልስ ወድጄለታለሁ። የኛ ሰው "በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ" የሚለው ለዚህ መሰለኝ። ተረትቶም ቢሆን የሰማው ሰው መኖሩን ማወቅ ይፈልጋል።

አሁን ሰፈር ውስጥ ለሽምግልና ይጠሩታል። ባለፈው እሁድ የወንድማማቾች የቤት ክፍፍል ነበር። ገና ነገሩ ሳይጀመር ጋሼ ብድግ አለና፣ ከአንደኛው ሚስት ጋር የሥጋ ዝምድና አለኝ፣ ከዚህ ጉዳይ ልነሳ አለ። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። "አረ ተቀመጥ! እዚህ ያልተዛመደ ማን አለና!"