ከእናቱ ምጣድ የተፋቀ ጥላሸት፦ የሰባት ወር የተረት ጽሕፈት ልምዴ

ሰላም ወዳጆች። ለአዋቂ የሚሆን ጨለም ያለ ተረት እጽፋለሁ ብዬ ከተነሳሁ ሰባት ወር ሞላኝ። አሥራ አንድ ጀመርኩ፣ ሦስት ጨረስኩ። ከሦስቱም ለሰው የማሳየው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱ ይቆዩ፣ ያሳፍራሉ።

ሐሳቤ ከመጀመሪያው አንስቶ አልተለወጠም። ከቤተሰቡ አንዱን ጥበብ ሲለክፈው ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው? የተለወጠው አጻጻፌ ነው።

የመጀመሪያው ተረቴ ደም በደም ነበር። ጅብ አለ፣ ቢላ አለ፣ ወንድሙን የሚያርድ አዝማሪ አለ። ኩራት ኩራት እያለኝ ለአንዲት ጓደኛዬ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ «ይሄማ የፖሊስ ዜና ነው» አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ልክ ነበረች።

መላው የተገኘው ዘጌ ነው። አጠገብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ባሕር ዳር ተወልጄ ዘጌን ያየሁት ተማሪ ሳለሁ አንዴ ብቻ ነበር። በዚህ መሃል አንድ ቅዳሜ እንደገና በጀልባ ተሻገርኩ። ክብራን ገብርኤል ለሴት ስለማይፈቀድ ከጀልባው ላይ ሆኜ ተሳለምኩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ጨርቅ ላይ ተስሎ የተለጠፈ።

እዚያ በላዔ ሰብእን አየሁት። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የገዛ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በላ። በኋላ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ሚዛን ላይ ያቺ ውሃ ደፋች። የካቲት 16 በመጣ ቁጥር ስሰማው ያደግኩት ታሪክ ነው። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ያዘ። ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤ የቀረው ጥርስና ደሙ አይደለም። ቁጥሩና ጥርኟ ውሃ ናቸው። ዋጋው ይቆጠራል። የእኔ ተረቶች ላይ ምንም የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ያየሁት ዓይን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህንንም አውቀው ነበር። ቆሜ ሳየው ግን «ሰው ቤቱ ሲገባ ሁሉም በጎን ቢያዩትስ?» የሚል ነገር መጣብኝ። ስመለስ ጀልባው ላይ ስልኬ ውስጥ ጻፍኩት። ግማሹ የፊደል ስህተት ነው፣ ጣና ያን ቀን ይንጥ ነበር።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንድ ሠዓሊ ነበር። ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው አለ፦ እናቱ፣ ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቹ። የሚስላቸው ቅዱሳን ዓይናቸው አላይ አለው። ከእናቱ ምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቆ ዓይን ሠራበት። ሥዕሉ አየ። ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ማታ እናቱ እንጀራ ስታቀርብለት በጎን ሆና ነው። አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ሌላ ሥዕል ሣለ፣ ሚስቱ ዞረች። ሌላ ሣለ፣ ትልቁ ልጁ ዞረ።

እስከዚህ ድረስ በሁለት ማታ ወረደልኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ የታገልኩት ከአማርኛዬ ጋር ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ሠዓሊው በጥልቅ ሐዘን ተውጦ የእናቱን ገጽታ በትዝታ ማሰላሰል ጀመረ» ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ራሴ ሳቅኩ። አያቴ ተረት ስትነግረን ማንም አሰላስሎ አያውቅም። ሄደ ሄደና ደረሰ፣ ተራበና በላ፣ አለቀ። አሁን «እናቱን በዚህ በኩል አያት። አንድ ዓይን። እንጀራውን በላ» ሆኗል። የሚያስፈራው «እንጀራውን በላ» የምትለዋ ናት። ብዙ ቅጽል የምትወዱ ሰዎች ትጣሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ተረት ላይ የስሜት ስም ባየሁ ቁጥር መሰረዝ ጀምሬያለሁ።

ችግሩ መጨረሻው ነበር። ሁሉም ከዞሩ በኋላስ? ይሙት? ሥዕሉን ያቃጥል? ሦስት መጨረሻ ጻፍኩ፣ ሦስቱም የስብከት ሽታ አላቸው።

እዚህ ላይ የማልኮራበትን ልናገር። የስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። አንድ ማታ ብርድ ልብሱን እየጎተተ መጣና «እማዬ፣ ተረት ንገሪኝ» አለ። ዓይኔን ከላፕቶፑ ሳላነሳ «ተረት እየጻፍኩ ነው፣ ሂድ ተኛ» አልኩት። ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ እንኳ ተነስቼ አልሄድኩም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርታኝ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለመካስ ብዬ ደም የሌለበትን ክፍል ነገርኩት። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» አለኝ፣ አፉ በፍርፍር ሞልቶ። ሁሉም በጎን እንደሆኑ ስነግረው ማኘኩን አቆመ።

«ታዲያ በዚያኛው በኩል ዞሮ ለምን አያያቸውም?»

የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። መጨረሻው አሁን ይሄ ነው፦ ሠዓሊው ተነሳ። እናቱን ለማየት በዚያኛው በኩል ዞረ። በዚያ በኩል ግድግዳ ነው።

ይህን ለልጄ አልነገርኩትም። በየቀኑ «ዞረ እንዴ?» ይለኛል፣ «እየዞረ ነው» እለዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ላፕቶፑ አይከፈትም፣ የእሱ ተረት ነው። ጅብና አህያ፣ በአብዛኛው።

ቀጣዩ ሥራዬ ስለ ታንኳ ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ የውሃ ዳር ተክል ነው፣ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ብዙ አይቆይም፣ ሠሪው ደጋግሞ አዲስ ይሠራል። በየታንኳው አንድ ነገር ከቤቱ የሚያስር አባት ይዣለሁ። ግን ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር ቁጭ ብዬ አላየሁም፣ እጅ ሳላይ ደግሞ መጻፍ አልወድም። ከእናንተ መካከል ሠሪ የሚያውቅ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ። ልጁም ይመጣል።