ማማ ላይ ዝም ያልኩበት ቅዳሜ

በስልክ 79 ዶላር ያሉኝ አልጋ ስደርስ 145 ሆኖ ጠበቀኝ። «ነገ የአጋዘን አደን መክፈቻ ነው» አለኝ ተቀባዩ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። ሌላ ቦታ ልፈልግ ብል ከተማው ሞልቷል። ከፈልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። እኛም አገር ፍኖተ ሰላም ላይ በገበያ ቀን የአልጋ ዋጋ ይጨምራሉ፤ ግን «እህቴ፣ ምን ላድርግ ብለሽ ነው» ብለው ያባብሉሻል።

ሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከወዲያ በኩል ሰዎች የበረዶ ሳጥን ሲጎትቱ፣ ቦት ጫማ ሲያራግፉ አመሹ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፒክአፖቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሱ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከሚኒያፖሊስ ሰሜን ዊስኮንሲን፣ ሄይዋርድ ድረስ የመጣሁት የሥራ ባልደረባዬ ጋብዛኝ ነው። «አባቴ አርጅቷል፤ ዘንድሮ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነዳሁ፤ ጥድና ጨለማ ብቻ ስለነበር ስለ መንገዱ የማወራው የለኝም።

ኅዳር 14 ቀን 2017፣ ቅዳሜ። ገና ሳይነጋ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ቡና ስቀዳ አንዲት አሮጊት ጥቁር ካፖርቴን አይተው ቆሙ። «እንዲህ ለብሰሽ ጫካ ልትገቢ ነው?» አሉኝ። ወጥተው ከመኪናቸው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደሪያ አመጡና ራሳቸው አለበሱኝ፤ እንደ ልጅ ዚፑን እስከ አንገቴ ዘጉልኝ። ስንት ልክፈል ብላቸው ተቆጡ። «ስትመለሺ እዚሁ ተዪልኝ።» እዚያው አጠገብ ካለው ከላ ኩ ደ ሬይ፣ ኦጅብዌ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ክልል ናቸው። እኔም በልቤ እማማ አልኳቸው።

ማደኑን እንደማልወደው ነገርኳቸው። አደን የሚያውክን ሰው የሚቀጣ ሕግ መኖሩን ባልደረባዬ መንገድ ላይ በስልክ ነግራኝ ስለነበር፣ እሱም ጠመንጃ የያዘውን ከሌላው የሚያስበልጥ ሆኖ ታይቶኝ ስለነበር፣ ያንንም ተናገርኩ። እማማ ቡናቸውን አስቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1983 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አባቶቻቸው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ1837 እና በ1842 በገቡት ውል ያስጠበቁት የማደንና የማጥመድ መብት ዛሬም የጸና ነው ብሎ ፈረደላቸው። ከዚያ በኋላ ጸደይ ሲመጣ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ በመብራት ለመውጋት ሌሊት ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ ዳር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃቸው ጀመር። ስድቡ አይነገርም። ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። በሞተር ጀልባ ዙሪያቸውን እየከነፉ ማዕበል ያስነሱባቸዋል፤ ውኃው ሲናወጥ ዓሣው አይታይም። «ባሌ ጀልባው ላይ ነበር፤ እኔ ከዳር ቆሜ ድንጋዩ ውኃው ላይ ሲያርፍ እቆጥራለሁ» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሕጉን እስከዚያች ደቂቃ ያየሁት ከአንድ ወገን ብቻ ነበር።

የባልደረባዬ አባት የሚያድኑት ከማማ ላይ ነው። ማማ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት አይደለም፤ ራሱ ነው፤ አራት እግር፣ መሰላል፣ ጣሪያ። ልጅ ሆኜ በቆሎው እሸት ሲይዝ እንደዚህ ያለ ማማ ላይ ውዬ አድሬአለሁ። ወንጭፍ በእጄ፣ ጅራፍ በአጠገቤ፣ ዝንጀሮ ብቅ ሲል ጉሮሮዬ እስኪነቃ «ሃይ! ሃይ!» እላለሁ፤ ከወዲያ ማዶ ማማ ሌላው ልጅ ይቀበለኛል። የጮኸ ልጅ ይመረቃል። እዚህ ግን ማማ የሚወጣው አውሬው እንዲመጣ ነው፤ ዝም ይባላል። «ትንፋሽሽንም ዝቅ አድርጊ» አሉኝ ሽማግሌው።

ተኩስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው። ጣቶቼ ደነዘዙ። ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አንዲት ሴት አጋዘን ከነግልገሏ ከጥዱ ሥር ወጣች፤ ጆሮዎቿ ወዲያና ወዲህ እየዞሩ። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን አላነሱም። አለፈች። ከኋላዋ ቀንዳሙ ተከተለ። ያኔ «ሃይ!» ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይሮጣል፣ ይድናል። የሰው እንግዳ ነኝ፤ ዋጥኳት። እማማ የቆጠሩት ድንጋይም ትዝ ብሎኝ ነበር።

ጠመንጃው ጮኸ። የነሐስ ቀለሁ ጣውላው ላይ ተንከባሎ ጫማዬ ሥር ቆመ፤ አነሳሁት፤ በጓንቴ ውስጥ እንኳ ይሞቃል። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ብዙ ደቂቃ ሳይናገሩ ተቀመጡ። እኛ ዘንድ ገዳይ ሲመለስ ይፎክራል፤ እሳቸው አልፎከሩም። እኔ አለቀስኩ፤ ሲያዩኝም አልከለከሉኝም።

እኩለ ቀን ላይ ስንመለስ በሼኳሜጎን ኒኮሌት ብሔራዊ ደን መንገድ ላይ ጭቅጭቅ ገጠመን። ሁለት ወጣት አዳኞች የገደሉትን መኪና ላይ ይጭናሉ፤ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ካሜራ በእግር ላይ ተክላ ትቀርጻለች። አንደኛው «ሕግ ይከለክልሻል፤ አታንሺ!» እያለ ወደ እሷ ሄደ። ሴትየዋ እጇ እየተንቀጠቀጠ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ፍርድ ቤት ሽሮታል» አለች፣ ደጋግማ። «አታንሺ» የሚለው ድምፅ ሆዴን አራደው፤ አገሬ ሳለሁ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ስንት ጊዜስ ካሜራዬን ከነምስሉ አስረክቤአለሁ። ሽማግሌው መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የቆመችው የሕዝብ መንገድ ላይ ነው፤ አልነካችህም፤ ተዋት» አሉት። ተዋት።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እስኪደክመኝ አነበብኩ። ሕጋዊ አደንን ማወክ በሃምሳውም ግዛቶች ክልክል ነው። በፌዴራል መሬት ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ሕግ አለ፤ ኃይል ወይም ዛቻ ካለበት እስከ 10,000 ዶላር፣ ከሌለበት እስከ 5,000 ዶላር ያስቀጣል፤ የመናገር ነፃነትን ግን እንደማይነካ ራሱ ጽፎታል። ዳኞቹ ለዓመታት የተጨነቁት እዚህች ወሰን ላይ ነው። ሞንታና ውስጥ በ1990 አንድ ሰው በጎሽና በአዳኝ መካከል ገብቶ ቆመ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 ሕጉ የጸና ነው አለ። ኮነቲከት ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት የውኃ ወፍ አዳኞችን እየተከተለች ስለ ወፎቹ ስለነገረቻቸው ተያዘች፤ በ1988 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን ሕግ ከልክ በላይ ሰፊ ነው ብሎ ጣለው።

ዊስኮንሲንም አዳኝን መቅረጽን፣ መቅረብን፣ ከዓይን ሳያርቁ መከታተልን፣ ለማወክ ታስቦ ሁለቴና ከዚያ በላይ ከተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወንጀል አድርጋው ነበር። በውሻ የሚያድኑትን እየተከተሉ የሚቀርጹ ሰዎች ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን ጭማሪ ሻረው። የሴትየዋ ወረቀት እሱ ነበር። አጋዘኑን ማባረር፣ ወጥመድ መንካት፣ ፊት ለፊት ቆሞ መከልከል ግን ዛሬም ያስቀጣል። እኔም እንዲያስቀጣ እፈልጋለሁ። የእማማ ባል ጀልባ ላይ ድንጋይ የወረወረው ሰው «ተቃውሞዬ ነው» ሊል አይገባውም። ማየትና መናገር ግን ድንጋይ አይደሉም፤ ማንም ያንን ወንጀል ሲለው ዝም አልልም።

ባልደረባዬ ያን ዕለት ማታ የአጋዘኑን ጉበት ጠብሳ አቅርባልኝ ነበር። ነገ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ለእኔ ቅበላ ነበር፤ አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ፣ ንጹሕ ነው። ግን በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ ሥጋ አልበላም። ይህንን ስነግራቸው ሽማግሌው አልተቀየሙም፤ ድንች አወጡልኝ፤ እኔ ስቆርስ እሳቸውም ኮፍያቸውን አወለቁ።

እሑድ ጠዋት ሰደሪያውን ማደያው ጋ ልተው ስገባ እማማ በአጋጣሚ እዚያው ነበሩ። አጥፌ ስሰጣቸው መልሰው ክንዴ ላይ ሰቀሉት። ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ልጅ ልጆቻቸው ሐይቁ ላይ ይወጣሉ፤ ነይ አሉኝ። ካሜራ ይዤ ብመጣስ አልኳቸው።

«መብራትም ያዢ» አሉኝ፤ «የምንወጣው ሌሊት ነው።»